«ሰማይ» በውርስ፣ «ሃይማኖት» በውሰት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ሰላምታችን ይድረስዎ። ጋዜጣችሁ ያወጣው የአራማይክ፣ የጥንቱ የሶርያ ቋንቋ፣ ቃላት ዝርዝር እዚህ ደብረ ብርሃን ከሰንበት ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ እስከ ወጣቱ ስልክ ድረስ ተዳርሷል። ሰው ስለ ቃላት ሲጠይቅና ሲከራከር ማየት ደስ ይላል። ዝርዝሩ ግን «ከአራማይክ ወደ አማርኛ የገቡ» በሚል አንድ ርእስ ሥር ሰማይን፣ ደምን፣ ሃይማኖትን፣ ምጽዋትን፣ ኪርያላይሶንን እና ግርማን አንድ ላይ ደርድሯቸዋል። ከነዚህ ከስድስቱ ከአራማይክ የመጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሃይማኖትና ምጽዋት። ሰማይና ደም ግእዝም አራማይክም ከአንድ አያት የወረሷቸው ናቸው። ኪርያላይሶን ግሪክ ነው። ግርማ ደግሞ በጆሮ ብቻ የተገጣጠመ ነው፤ በአራማይክ «ጋርማ» አጥንት ማለት ነው። ግእዝ የምናስተምር ሰዎች ስለሆንን መለያው እንዴት እንደሆነ በዝርዝር እንጽፍላችኋለን።

መጀመሪያ የስሙን ነገር እንጨርስ። አራማይክና አማርኛ በጆሮ ስለሚቀራረቡ አንዱ የሌላው ልጅ ነው የሚል ወሬ ዝርዝሩን ተከትሎ መጥቷል። አራማይክ የተባለው ከአራም ነው፣ አማርኛ ከአምሐራ። በአንደኛው «ረ» ከ«መ» ይቀድማል፤ በሁለተኛው «መ» ቀድሞ መካከል ላይ ሐ ተቀምጧል። ስሞቹ አይዛመዱም። ፊደላችንም ከአራማይክ 22 ፊደላት አልተቀዳም፤ ዘመዱ የደቡብ ዓረብ ጽሕፈት ነው።

ቋንቋው ራሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የፋርስ ነገሥታት የመንግሥት ጽሕፈት ያደረጉት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን በአስዋን አጠገብ የነበሩ አይሁድ ደብዳቤ የጻፉበት፣ የዳንኤል መጽሐፍ ከ2፥4 እስከ 7ኛው ምዕራፍ መጨረሻ የተጻፈበት፣ ኋላም የአይሁድ ትርጓሜ መጻሕፍት የወጡበት፣ ሁሉም አራማይክ ነው። ሱርስጥ የምንለው ደግሞ በኤዴሳ፣ በዛሬዋ ዑርፋ፣ የዳበረው የክርስቲያኖች አራማይክ ነው። ከሱርስጥ ሌላ የሆነ አራማይክ በሶርያ ማዕሉላ መንደር ዛሬም ይነገራል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የሶርያ ቋንቋ» የሚለው አራማይክን ነው። እንግዲህ «በአራማይክ እንዲህ ይባላል» ከማለት በፊት በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ወገን የሚለው መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ውርሱ። ሁለት ቋንቋዎች ከአንድ አያት ሲወርሱ ቃላቸው ዝም ብሎ አይመሳሰልም፤ በሥርዓት ይለያያል። አራማይክ ሸ ባለበት ግእዝ ሰ አለው፦ ሽማያ ሰማይ፣ ሽማ ስም፣ ሽላማ ሰላም፣ ሌሻና ልሳን፣ ናፍሻ ነፍስ፣ ሬሻ ርእስ። እስከዚህ ሁሉም ሰው ያየዋል። የሚያስቸግረው አራማይክ «ተ» ብሎ ግእዝ «ሰ» የሚልበት ነው። ስምንት በአራማይክ ትማንያ ነው። በሬ፣ በግእዝ ሶር፣ ታውራ ይባላል። ሰበረ ትበር ነው። ሐዲስ፣ የኛ አዲስ፣ ሐድታ ነው። የጥንቱ አያት እዚህ ቦታ ከተም ከሰም የተለየ፣ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ የሚነገር ድምፅ ነበረው፤ አራማይክ ወደ ተ ወሰደው፣ ግእዝ ወደ ሰ። ጥንዱ ድምፅ ደግሞ በአራማይክ ደ፣ በግእዝ ዘ ሆኗል፦ ድከር ዘከረ (ዝክር፣ ተዝካር የምንልበት)፣ ኤድና እዝን፣ ኤሐድ አኀዘ። አማርኛው ያዘ የዚህ የመጨረሻው ልጅ ነው።

ይህን ሥርዓት የያዘ ሰው በብልጣሶር ግብዣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን «ማኔ ቴቄል ፋሬስ» ሲያነብ ቴቄል ላይ ይቆማል። ቴቄል «ተመዘንህ» ነው። ተን ወደ ሰ መልሱት፤ ሰቀለ ይሆናል። ሚዛን የሚመዝነው ተሰቅሎ ነውና ሥሩ አንድ ነው። በኦሪት የምናገኘው የብር ሚዛን «ሰቅል»ም ዕብራይስጡ ነው። ስለዚህ ቴቄል፣ ሰቅል እና መስቀል ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዳቸውም ከአንዳቸው አልተዋሱም። ቢዋስ ኖሮ ግእዙ «ተቀለ» ይል ነበር፤ የተዋሰ ቃል የባለቤቱን ድምፅ ይዞ ይመጣልና።

ፀሐዩ ፀ የባሰ ይሸሸጋል። የአራማይክ ዘመዱ በጥንቱ ጽሕፈት ቀ ነበረ፣ ኋላ ዐይኑ ዐ ሆነ። በኤርምያስ 10፥11፣ በዚያ መጽሐፍ በአራማይክ በተጻፈው አንድ ቁጥር ውስጥ፣ ምድር አንዴ «አርቃ»፣ አንዴ «አርዓ» ተብላለች፤ ለውጡን በዓይን ማየት ነው። እንግዲህ በዳንኤል ጠላት የሚለው «ዓር» የግእዝ ፀር ነው። እንጨት የሚለው «ኣዓ» ደግሞ ዕፅ ነው፤ ሁለት ዐይን ተከታትለው ስለከበዱ የመጀመሪያው ወደ አልፋው አ ለሰለሰ። ዕፅንና ኣዓን ጎን ለጎን አስቀምጦ ወንድማማች ናቸው የሚል ሰው ዕብድ ይመስላል፤ ግን ልክ ነው። «ይመሳሰላሉ» ማስረጃ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ፤ ብዙ ሰው የወደቀበት። ጥፍር በአራማይክ «ጤፍራ» ነው፣ ጥላ «ጤላላ» ነው። አማርኛው ከአራማይኩ ጋር በጠ ገጠመ፤ ግእዙ ግን ጽፍር፣ ጽላሎት ብሎ በጸ ቀረ። «አያችሁ! አማርኛ ከግእዝ ይልቅ ለአራማይክ ይቀርባል» የሚል ክርክር ከዚህ ይነሣል። አይደለም። አራማይክ ያን ጥንታዊ ድምፅ ወደ ጠ የለወጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። አማርኛ ደግሞ በራሱ ጊዜ ጸን በብዙ ቃላት ወደ ጠ ገፍቷል፦ ጸጉር ጠጉር ሆነ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በአራማይክም በጸ የሚጻፍ ቃል ፈልጉ። ጸሎት፣ በአማርኛ ጠሎትም የሚባለው፣ በአራማይክ «ጽሎታ» ነው፤ ጠ አይገባበትም።

ስለ ውሰት ስንጽፍ ትንሽ ዘግየት እንላለን፤ የዝርዝራችሁ ዋጋ ያለው እዚህ ነውና።

ሃይማኖትን ውሰዱ። ሥሩ አመነ ነው፣ ይህ የጋራ ነው። ግእዝ ግን አድራጊውን በአ ይሠራል፤ አእመነ እንጂ «ሃይመነ» አይልም። ፊቱ ላይ ያለው ሃ የአራማይክ «ሃይመን» ነው፣ ጭራው ላይ ያለው ኦት ደግሞ የ«ሃይማኑታ» «ኡታ» ነው። ቃሉ ራሱንም ጭራውንም ይዞ ገብቷል። ጭራው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ብሂሎት፣ ጸልዮት እያለ ግእዝ ራሱ በኦት ይጨርሳልና በኦት ያለቀ ሁሉ አራማይክ ነው የሚል ሰው ይስታል።

ጣዖት ሌላ ዓይነት ምልክት አለው። በአራማይክ «ጥዓ» ሳተ፣ ተቅበዘበዘ ነው፤ «ጣዑታ» ስሕተት፣ ከዚያም የስሕተት አምልኮ፣ ጣዖት። በግእዝ በእነዚያው ፊደላት ያለው ግስ ጥዕየ ነው፤ ትርጉሙ ዳነ፣ ጤነኛ ሆነ። ጣዖት ከግእዙ ግስ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ጤንነት ማለት ይሆን ነበር!

ምጽዋት ሦስተኛውን መንገድ ያሳያል። «ሚጽውታ» በአራማይክ ትእዛዝ ነው፤ አዘዘ ከሚል ግስ የወጣ፣ መ በፊቱ ተ በኋላው የተቀጠለበት ስም። ግእዝ ይህን ስም ተቀብሎ መጽወተ የሚል ግስ ሠራበት፤ ቅጥሎቹን መና ተን እንደ ሥር ፊደል ቈጠራቸው። አማርኛውም መጸወተ ይላል። የባዕድ ስም ቅጥያ በኛ ግስ ውስጥ ሥር ሆኖ ከተገኘ ውሰቱ ተፈርዷል።

እንግዲህ ከየትኛው አራማይክ? ለረጅም ጊዜ ሲባል የነበረው በ5ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከመጡት ዘጠኙ ቅዱሳን ጋር ከሱርስጥ ገባ ነው። የቋንቋ ሊቁ ሃንስ ያኮብ ፖሎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን በጥብቅ ተቃወመ፤ እኛም ክርክሩ ያሳምነናል። በሱርስጥ ምጽዋት «ዜድቅታ» ነው እንጂ ሚጽውታ አይባልም፤ ጣዖትም «ፕታክራ» ነው። ትእዛዝ የሚለውን ቃል ለድኻ የሚሰጥ ስጦታ፣ ስሕተት የሚለውን ጣዖት ያደረጉት በአራማይክ የሚናገሩ አይሁድ ናቸው። እነዚህ ቃላት ከዚያ ወገን የመጡ ናቸው፤ ኦሪት (ኦራይታ) እና ታቦት (ቴቡታ) አብረዋቸው ይቆጠራሉ። ቀሲስ ግን የክርስቲያኖቹ «ቀሺሻ» ነው፤ ሽማግሌ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚጥመው የሳምንቱ ቀኖች ነገር ነው። አራማይክ ቀኖቹን ይቈጥራል፦ ሐድብሻባ፣ ትሬንብሻባ፣ ትላታብሻባ፣ አርብዓብሻባ፣ ሐምሻብሻባ፤ ከሰንበት አንድ፣ ከሰንበት ሁለት እያለ እስከ አምስት። ስድስተኛውን አይቈጥርም፤ «ዕሩብታ» ይለዋል፣ መግቢያ፣ ዋዜማ። ሰባተኛው «ሻብታ» ነው። ግእዝም ከእሑድ እስከ ሐሙስ በራሱ ቍጥር ቈጠረ፤ አሐዱ እሑድን፣ ኀምስቱ ሐሙስን ሰጠ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ቍጥሩን ትቶ ዓርብ አለ፣ ሰባተኛውን ሰንበት። አራማይክ በስም የሚጠራቸው ሁለቱ ቀኖች ብቻ ናቸው የተወሰዱት። በሰንበት ውስጥ ያለችው ን የጠበቀው በ ተፈትቶ የወጣች ናት። ዓርብን በተመለከተ ፀሐይ ዐረበች የሚለው ግስ በግእዝም ስላለ ድምፁ ብቻውን አይፈርድም፤ የሚፈርደው ከሰንበት ጋር አብሮ መገኘቱ ነው።

ሦስተኛው ክፍል በወንጌል ውስጥ እንዳሉ የተቀመጡት ቃላት ናቸው። እነዚህ አማርኛ አልሆኑም፤ እንደ ጥቅስ የተያዙ ናቸው። «ጣሊታ ቁሚ» (ማርቆስ 5፥41) ግን ለአማርኛ ጆሮ ግማሹ ትርጉም አያስፈልገውም፤ ቁሚ ቁሚ ነው፣ ሴትን የሚያዝዘው ኢ እንኳ አንድ ነው። ሱርስጥ ይህችን ኢ ይጽፋታል እንጂ አያነባትም። ጣሊታም ዘመድ አላት፤ «ጣልያ» በአራማይክ የበግ ግልገልም ብላቴናም ነው፣ በግእዝ ጠሊ ፍየል ነው። «ኤፍታህ» (7፥34) የፈትሐ ተደራጊ ነው፣ ተከፈት፤ ስለዚህ በሐመሩ ሐ «ኤፍታሕ» ቢጻፍ ሥሩ ይታያል። «አኬልዳማ» (የሐዋርያት ሥራ 1፥19) ሁለት ቃል ነው፦ ሐቀል፣ የግእዝ ሐቅል፣ እርሻ ወይም ሜዳ፤ ድማ፣ ደሙ። ግሪክ ሐ ስለሌለው መነሻዋ ጠፍታ አ ሆና ተመለሰች።

«ላማ ሰበቅታኒ» ላይ ዝርዝራችሁ ስቷል፤ «ለምን አማህኝ» ብሎ ተርጕሞታል። ሰበቀን፣ ነገር አመላለሰን፣ በማየት መሆን አለበት። ትክክለኛው ግስ «ሽበቅ» ነው፣ ተወ። ግሪክ ሸ የለውም፤ ስለዚህ ሽበቅ በግሪክ ብራና ላይ በሰ ተጻፈና ለኛም በሰ ደረሰን። በአራማይክ አፍ «ሽበቅታኒ» ነው፦ ሽበቅ ተወ፣ ታ አንተ፣ ኒ እኔን። ኒ በግእዝም ኒ ናት።

በስም ላይ የምትመጣው «በር» ልጅ ማለት ናት፤ ከበርና ከደጃፍ ጋር አታገናኟት። ማርቆስ ራሱ «የጤሜዎስ ልጅ በርጤሜዎስ» ብሎ ፈትቶታል። በርተሎሜዎስና በርባን እንዲሁ ናቸው። ጣቢታ ሚዳቋ፣ ማርታ እመቤት፣ ቶማስ መንታ፣ ኬፋ ዐለት ነው።

ዝርዝሩ እንደገና የሚታተም ከሆነ አጻጻፉ እንዲህ ቢሆን። የአራማይክን ሐ ሁልጊዜ በሐመሩ ሐ ጻፉ፤ በብዙኃኑ ኀ አትጻፉ። አራማይክ ኀን ከሐ ጋር ስላዋሐደ ኀምስቱ ሐምሻ፣ እኅት ሓታ ነው የሚለው። ግእዙን ግን በኀ ጠብቁ፤ ሁለቱንም በሀ ከጻፋችሁ አንባቢ ለውጡን የሚያይበት ቀዳዳ ተዘጋ። ሸን በሸ ጻፉ። ፐ በቃል መጀመሪያና ሲጠብቅ ፐ ነው፣ ከአናባቢ በኋላ ሲላላ ፈ ይሆናል፤ ኬፋ በፋ የጨረሰው በዚህ ነው፣ አፍ ግን «ፑማ» ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይምና «አባ»ን የመሰለውን «በ ይጠብቃል» ብላችሁ አስታውሱ። በአ የሚጨርስ ስም መጨረሻው ራብዕ ይሁን፤ ማልካ እንጂ «መልከ» አይደለም። ያቺ መጨረሻ አ በዳንኤል ዘመን በእኛ «ንጉሡ» ላይ እንዳለችው ኡ የታወቀውን ትጠቁም ነበር፤ በሱርስጥ ግን ጉልበቷ አልቆ ማልካ ንጉሥ ብቻ ሆኗል። ከዳንኤል የወሰዳችሁትን «ንጉሡ»፣ ከሱርስጥ የወሰዳችሁትን «ንጉሥ» ብላችሁ ተርጕሙ።

ለእያንዳንዱ ቃል ከትርጉሙ ጎን አንዲት ቃል ጨምሩ፦ ውርስ፣ ውሰት፣ ጥቅስ ወይም ግጥምጥሞሽ። ማይ፣ ከልብ፣ ቤት፣ ዐይን፣ እድ፣ ልብ፣ ሌሊት ሁሉም ውርስ ናቸው። እሳትም ውርስ ነው፤ ሱርስጡ «ኤሻታ» ትኩሳትን ይጠራበታል። ኪርያላይሶንን ወደ ግሪክ፣ በስቅለት የሚባለውን «እብኖዲ ናይን»ን ወደ ቅብጥ መልሱ።

በግጥምጥሞሹ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። «ላሕማ» በአራማይክ እንጀራ፣ ዳቦ ነው፤ ዝርዝራችሁ ከግእዙ ላህም፣ ከላም፣ ጋር አንድ አድርጎታል። ያኛው በሐመሩ ሐ ነው፣ ይህ በሀሌታው ሀ። የላሕማን ዘመድ ከፈለጋችሁ በየደብሩ በስተምሥራቅ መሥዋዕቱ የሚጋገርበትን ቤተ ልሔም ተመልከቱ፤ የእንጀራ ቤት ማለት ነው፣ በዕብራይስጥ ቅርፁ።

ሁለተኛው የከተማችን ስም ነው። ደብር ከሱርስጡ «ዳይራ»፣ ከገዳም፣ መጣ ብላችኋል። ዳይራ የወጣው ኖረ፣ ተቀመጠ ከሚል ግስ ነው፣ በ የለበትም። በ ያለበት የአራማይክ «ዳብራ» ሜዳ ነው። የግእዝ ደብር ተራራ ነው። የጻድቃኔ ማርያምን ስምም ከሱርስጥ አታምጡት፤ ሱርስጥ ጻድቅን በዘ «ዛዲቃ» ይላልና ከዚያ ቢመጣ ዛድቃኔ ይባል ነበር።

የግእዝ መምህራን
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ